ቪላይና ማይክሮቪላይ፦ የትንሹ አንጀት ሁለት ጣት መሰል ቅጥያዎች

በትንሹ አንጀት ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የሚገኙት ቪላይና ማይክሮቪላይ ሁለቱም ጣት መሰል በመሆናቸው ብዙ ጊዜ እንደ አንድ ነገር ይቆጠራሉ፤ ልዩነታቸው ግን የመጠን ብቻ አይደለም። ቪላይ ከ0.5 እስከ 1 ሚሊሜትር የሚረዝሙ፣ በብዙ ሕዋሳት የተሸፈኑ የአንጀት ሽፋን ቅጥያዎች ሲሆኑ፣ የተመጠጠውን ስኳርና አሚኖ አሲድ የሚረከቡ ቀጫጭን የደም ሥሮችና አብዛኛውን ስብ የሚቀበል፣ ሊምፍ የተባለውን የሰውነት ፈሳሽ የሚያጓጉዝ ቧንቧ በውስጣቸው ይዘዋል። ማይክሮቪላይ በአንጻሩ የአንድ ሕዋስ ገለፈት ወደ ውጭ ተገፍቶ የሚፈጠሩ ናቸው፤ ርዝመታቸው 1 ማይክሮሜትር ገደማ በመሆኑ የደም ሥር ሊይዙ አይችሉም፣ ቀጥ አድርጎ የሚያቆማቸውም አክቲን ከተባለ ፕሮቲን የተሠሩ ክሮች ጥቅል ነው። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታዩ በአንድ ሕዋስ አናት ላይ በሺህ የሚቆጠሩት ጥቅጥቅ ብለው ተሰልፈው የብሩሽ ፀጉር ይመስላሉ።

እኔን ይበልጥ የሚያስደንቁኝ እነዚህ ጥቃቅኖቹ ናቸው፤ የወተትን ስኳር የሚሰነጥቀው ላክቴዝ የተባለው ኢንዛይም የተተከለው በእነሱ ገለፈት ላይ በመሆኑ፣ የመጨረሻው መፈጨትና መምጠጥ በአንድ ስፍራ ይከናወናሉ። ሆኖም ያለ ቪላይ ብቻቸውን አይበቁም፦ በሴሊያክ በሽታ፣ ግሉተን የተባለው የስንዴ ፕሮቲን በሚቀሰቅሰው የሰውነት መከላከያ ጥቃት ቪላይ ሲጠፉ ማይክሮቪላይም አብረው ስለሚጎዱ፣ ታማሚው በቂ ምግብ እየበላም ሊከሳ ይችላል።