«አይገቡም» ላለችኝ የጉዞ አዘጋጅ ምስጋና

ባለፈው ሐምሌ ብጽፈው ኖሮ ይህ ጽሑፍ ስሞታ ይሆን ነበር። ብዙ ገንዘብ ከፍዬ፣ ረጅም መንገድ ተጉዤ፣ ቺምፓንዚዎች የሚኖሩበት የኡጋንዳው ኪባሌ ደን ደጃፍ ላይ ደርሼ «እርስዎ አይገቡም» የተባልኩ ሰው ነኝ። ያለችኝም የፓርኩ ሠራተኛ ሳትሆን ገንዘቤን የተቀበለችው የጉዞ አዘጋጃችን ራሷ ናት። ዛሬ በአደባባይ ላመሰግናት የተነሳሁት በዚያው ምክንያት ነው። የምትሠራው ብቻዋን ስለሆነ ከአቅሟ በላይ ሰው እንዳይመጣባት ፈርታ ስሟን እዚህ እንዳልጽፍ ጠይቃኛለች። ከልቡ ለመሄድ ያሰበ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ አገናኘዋለሁ።

እኔ፣ ባለቤቴና ሁለት ወዳጆቻችን በዱር የሚኖሩ ቺምፓንዚዎችን ለማየት ስንነሳ የምናውቀው ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ የቺምፓንዚ ተመራማሪዋ ጄን ጉዶል እ.ኤ.አ. በ1960 ምርምሯን የጀመረችበት የታንዛኒያው ጎምቤ። «ጎምቤ ውሰጂን» ብለን ጻፍንላት። ሌላ ሰው ቢሆን የዋጋ ዝርዝር ይልክልን ነበር። የእርሷ መልስ ግን የጥያቄ መዓት ነበር። ስንት ቀን አላችሁ? ከመካከላችሁ ጉልበቱን የሚያመው አለ? ጀልባ ላይ የሚያጥወለውለውስ? ጉንፋን ቶሎ የሚይዘው ሰውስ? የመጨረሻውን እንደ ወሬ ማሳመሪያ ቆጥሬው መልስ እንኳን አልሰጠሁበትም።

ጎምቤ የሚደረሰው ከኪጎማ ተነስቶ በታንጋኒካ ሐይቅ ላይ በጀልባ ነው፤ ከወዳጆቻችን አንዱ ደግሞ ጀልባ ገና ከሩቅ ሲያይ ፊቱ የሚገረጣ ሰው ነው። በዚያው ሐይቅ ዳርቻ ወደ ደቡብ ያለው ማሃሌ የመኪና መንገድ አይገባበትም፤ በጀልባ ወይም በትንሽ አውሮፕላን ነው የሚሄዱት። «ገንዘብም ቀንም ሲተርፋችሁ ታዩታላችሁ» አለችን። የሩዋንዳውን ኒዩንግዌ ስናነሳባት የባለቤቴን ጉልበት አስታወሰችን፤ የዚያ ተራራ አቀበትና ቁልቁለት ለታመመ ጉልበት አይራራም። በኡጋንዳው ኩዊን ኤልሳቤጥ ፓርክ ያለው የኪያምቡራ ሸለቆ እጅግ ውብ ቢሆንም ቺምፓንዚዎቹ ጥቂት ናቸው። «ገደሉን ብቻ አይታችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ፤ በኋላ እንዳትወቅሱኝ» ብላ ጻፈች። የቀረው ኪባሌ ሆነ። ወደ 1,500 የሚገመቱ ቺምፓንዚዎች ይኖሩበታል፤ በአጠቃላይ 13 ዓይነት የጦጣ ወገኖች የሚገኙበት ደን ነው፤ ሰው መምጣቱን የለመዱ መንጋዎችም አሉት። መንገዱም ከካምፓላ ለደኑ ቅርብ ወደሆነችው ፎርት ፖርታል ከተማ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመኪና ይገባል። ውዱን ሳይሆን የሚስማማንን መረጠችልን ማለት ነው፤ ይህን ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከወዳጆቻችን አንዷ ግልገል ቺምፓንዚ አቅፋ ፎቶግራፍ መነሳት አምሯት ነበር። አዘጋጃችን በትሕትና እንዲህ ብላ መለሰችላት፦ «ግልገል የሚያሳቅፉ ሰዎች ካጋጠሙሽ እናቱ የት እንዳለች ጠይቂያቸው።» ግልገል ከዱር የሚወሰደው ብዙውን ጊዜ እናቱ ከተገደለች በኋላ ነው። እናት የሌላቸውን ማየት ከፈለግን እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ የተረፉትን የሚያሳድገው በቪክቶሪያ ሐይቅ ያለው የንጋምባ ደሴት እንዳለ፣ እዚያም ቢሆን ጎብኚ ከሩቅ እንደሚመለከት አስረዳችን። ወዳጃችን ከዚያ በኋላ ስለ ማቀፍ አላነሳችም።

የወረቀቱን ጉዳይ በአጭሩ ልለፈው። የመግቢያ ፈቃዱ ቀድሞ ይገዛል፤ ዋጋው በዜግነትና በመኖሪያ ቦታ ይለያያል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የአገሩ ነዋሪ ላልሆነ የውጭ ጎብኚ 250 ዶላር ሆኖ ነበር። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ አይረሳ። ሻንጣ ውስጥ ከገባው ሁሉ ያመሰገንኩት ረጅሙን ካልሲ ነው፤ የሱሪውን ጫፍ ካልሲ ውስጥ መክተት መልክ አያሳምርም፤ ጉንዳን እግር ላይ ሲወጣ ግን መልክ ማንም አያስታውስም። ወፍራም ጓንትም ያዙ፤ ሳማ ሞልቷል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ደን ልንገባ ዋዜማ ማታ ሎጁ ውስጥ እራት ላይ ተቀምጠን ሁለት ጊዜ አስነጠሰኝ። እርሷ ሹካዋን አስቀመጠች። «መቼ ጀመረዎት?» አለችኝ። የመንገዱ አቧራ ነው አልኳት። «አቧራ ከሆነ ሌሎቹ ሦስቱስ ለምን ዝም አሉ? ድምፅዎም ከጠዋት ጀምሮ ጎርንኗል።» ቀኑን ሙሉ በመኪናው መስታወት ስትከታተለኝ ኖሯል።

ከዚያ የነገረችኝን ሳልሸራርፍ ልጻፈው። እ.ኤ.አ. በ2013 እዚያው ኪባሌ ውስጥ ካንያዋራ በሚባለው ስፍራ ከሚኖሩ 56 ቺምፓንዚዎች መካከል አምስቱ ሳል ይዟቸው ሞቱ። አንዷ የሁለት ዓመት ግልገል ነበረች፤ ሬሳዋ ሲመረመር የተገኘው ራይኖቫይረስ ሲ ነው። እኛ ዘንድ ሕፃናትን ጉንፋን የሚያሲዝ፣ ሁለት ቀን ተኝተን የምንረሳው ዓይነት ተሕዋስ ነው። እነርሱ ግን ከእኛ ጋር እንዲህ የተቀራረበ ሥጋ ይዘው የእኛን በሽታ የመቋቋም ልምድ የላቸውም።

እኔም እንደ ማንኛውም ግትር ሰው «ሁለት ጭምብል ደርቤ እገባለሁ» አልኩ። መልሷን እስካሁን አልረሳሁትም፦ «ጭምብሉ የተሠራው ለጤነኛው ሰው ነው፤ የታመመውማ መቅረት ነው ያለበት።» ተቆጣሁ። ደንበኛሽ ነኝ፣ ከፍያለሁ፣ ማን ያውቃል አልኩ። ማን ያውቃል ማለቴ ዛሬም ያሳፍረኛል። ድምፅዋን ሳታነሳ ከወራት በፊት የፈረምኩትን ወረቀት አወጣች። የታመመ ሰው እንደማይገባ፣ የከፈለውንም ሊያጣ እንደሚችል ተጽፎበታል። ሳላነብ ነበር የፈረምኩት።

በማግስቱ ሦስቱ ገቡ። ለእኔ በፎርት ፖርታል አካባቢ ካሉት በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ ከተፈጠሩ ሐይቆች ወደ አንዱ የሚወስደኝ ሾፌር አቆየችልኝ። እኔ ቢጎዲ የሚባለውን ረግረግ ልይ ብላት እርሱንም ከለከለችኝ፤ ቀይ ጉሬዛዎች ስላሉበት! ያኔ ነው ለገንዘብም ለአጉል ወግ አጥባቂነትም ብላ እንዳልሆነ የገባኝ። ሐይቁ ዳር ተቀምጬ አፍንጫዬን እየጠረግሁ ቀኑን አሳለፍኩ። ባለቤቴ ስትመለስ ፊቷ ያበራ ነበር፤ እኔን ላለማስቀናት ግን ስለ ምሳው ብቻ አወራችኝ።

ጥር ላይ ተመለስኩ። ፈቃዱን እንደገና ገዛሁ፤ እርሷ ግን ለድካሟ ሳንቲም አልጠየቀችኝም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ካንያንቹ በሚባለው መነሻ ለስድስታችን መመሪያ ተሰጠን፤ ጠመንጃ ያነገተው የፓርኩ ጠባቂ ጠመንጃው ለዝሆን ማስፈራሪያ መሆኑን ነገረን። ከአንድ ሰዓት ጉዞ በኋላ ደኑ በጩኸት ተናጋ። መጀመሪያ ዝቅ ያለ ሁ-ሁ፣ ከዚያ እየፈጠነ እየጨመረ መጥቶ ጩኸት፤ አንዱ ደግሞ ግድግዳ የሚያህለውን የዛፍ ሥር በእግሩ እንደ ከበሮ ይደልቀዋል። ደረቴ ውስጥ ነበር የሚሰማኝ።

አንድ ትልቅ ወንድ ከዛፍ ወርዶ ከፊታችን ተቀመጠ። እጁ ሾላ ይዟል። ፍሬውን አላምጦ አይውጠውም፤ የታችኛውን ከንፈሩን እንደ ማንኪያ አውጥቶ ምጣጩን እዚያ ላይ ያጠራቅምና ጭማቂውን ሲመጥጥ ይቆያል፤ በመሃል ከንፈሩን ወደ ታች ዘርግቶ የቀረውን ያየዋል፣ ይመልሰዋል። ሲጨርስ ደረቁን እንክብል ተፋው። ጥፍሮቹ ጠቁረው የአንደኛው ጣት ጫፍ ቆረጥ ብሏል። ወደ እኛ ዞር ብሎ እንኳን አላየም። ከመካከላችን አንድ ሰው ሳል ሲተናነቀው ወደ ኋላ ሸሽቶ ፊቱን አዙሮ ክርኑ ላይ ሳለ፤ ጠባቂው ራሱን ነቀነቀለት። የተፈቀደልን አንድ ሰዓት አለቀና ወጣን።

ጉድለቷን ደብቄ ማመስገን አልወድም። ደን ውስጥ ስትሆን ለደብዳቤ መልስ ሁለት ሦስት ቀን ትዘገያለች። የመንገድ ምሳዋም የቀዘቀዘ ዳቦና እንቁላል ነው። መኪናዋ አርጅታለች፤ ግን አላቆመችብንም።

ስትጽፉላት ከእኔ እንደሰማችሁ ንገሯት። መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ ስለ ጉልበታችሁ ነው፤ ስለ ጉንፋን የምትጠይቀውንም ሳትመልሱ እንዳታልፉ።