ግሬት ቫይብስ፦ ውበቱም ብልሽቱም መገጣጠሚያው ላይ ያለ ፎንት

ለመጥሪያ ካርድ፣ ለሰርተፊኬት ወይም ለሎጎ ቅጥልጥል የላቲን ጽሕፈት የፈለገ ሰው ግሬት ቫይብስን ሳያገኝ አይቀርም። ጎግል ፎንትስ ላይ በነጻ ይወርዳል። ዲዛይነሩ ታይፕሴቲት በሚል ስም በርካታ የእጅ ጽሕፈት መሰል ፎንቶችን ያወጣው ሮብ ሉሽኪ ነው። ፈቃዱ ኤስአይኤል ኦፕን ፎንት ላይሰንስ ስለሆነ ለደንበኛ ተሠርቶ ለሚሸጥ ሥራም ይሆናል፤ የተከለከለው ፎንቱን ራሱን ለብቻው መሸጥ ነው።

የአሣሣሉ መነሻ የሹል ብዕር ጽሕፈት ነው። የብዕሩ ጫፍ ስንጥቅ ስለሆነ ወደ ታች ሲጫኑት ተከፍቶ ወፍራም መስመር ያወጣል፤ ወደ ላይ ሲመለስ ይገጥምና እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ይተዋል። ግሬት ቫይብስ ይህን የወፍራምና የቀጭን ልዩነት በደንብ ጠብቋል። ትንንሾቹ ፊደሎች ቁጥብ ናቸው፣ ጌጡ ሁሉ የተሰጠው ለካፒታሎቹ ነው፦ ሰፋፊ ቀለበትና ወደ ጎን የሚዘረጋ ጭራ አላቸው። ስለዚህ አንድ ካፒታል በስም መጀመሪያ ላይ ግርማ ይሰጣል፤ ስሙ በሙሉ በካፒታል ሲጻፍ ግን ጭራው ተጠላልፎ የሚነበብ ነገር አይቀርም። ካፕስ ሎክ ለዚህ ፎንት ጠላቱ ነው።

ዋናው ጉዳይ መገጣጠሚያው ነው። የአንዱ ትንሽ ፊደል መውጫ ከሚቀጥለው መግቢያ ጋር በልክ እንዲገናኝ ተደርጎ ተሥሏል። ይህ የሚሠራው ትራኪንግ የሚባለው የፊደላት ክፍተት ዜሮ ላይ ሲቆይ ብቻ ነው። ጥቂት ሲጨመርበት ፊደሎቹ ይበጣጠሳሉ፤ ሲቀነስ ደግሞ መስመሮቹ ተደራርበው ጉብታ ይሠራሉ። ክፍተቱን ማንም ሳይነካው የሚበላሽበት ጊዜም አለ፦ ጽሑፉ ግራና ቀኙ እኩል እንዲሰለፍ ጀስቲፋይ ከተደረገ አንዳንድ ፕሮግራም መስመሩን ለመሙላት ፊደሎቹን ያራርቃል። ቅጥልጥል ጽሕፈት መሃል ወይም ግራ ላይ ይሰለፍ እንጂ ጀስቲፋይ አይደረግ። ዎርድ ላይ ደግሞ የፎንት መስኮት ተከፍቶ አድቫንስድ ውስጥ ከርኒንግ (የጥንድ ፊደሎችን ርቀት የሚያስተካክለው) መብራቱ፣ ስፔሲንግም ኖርማል መሆኑ ይታይ።

ለሎጎ ከመወሰን በፊት የሚጻፈውን ስም ራሱን ጽፎ 400 በመቶ ማጉላት ያስፈልጋል። ቢ፣ ኦ፣ ቪና ደብልዩ ከላይ በኩል ስለሚወጡ፣ ከታች የሚጀምር ፊደል ሲከተላቸው የየትኛውም ቅጥልጥል ፎንት ደካማ ጎን የሚታየው እዚያ ነው።

ክብደቱ፣ ማለትም የመስመሩ ውፍረት ዓይነት፣ አንድ ብቻ ነው፣ ቦልድ የለውም። ቦልድ የሚለውን መጫን ፕሮግራሙ ሁሉንም መስመር እኩል እንዲያወፍር ማድረግ ነው፤ የወፍራምና የቀጭኑ ልዩነት ይጠፋል፣ ትንንሽ ቀለበቶችም ይደፈናሉ። ኢታሊክም እንደዚሁ አይነካ፤ ያጋደለን ጽሕፈት እንደገና ማጋደል ነው። ጥቁር መደብ ላይ በነጭ ሲታተም ቀለሙ ወደ ቀጭኑ መስመር ስለሚሰርግ ፀጉር የሚያህለው ክፍል ሊጠፋ ይችላል። መድኃኒቱ ከፊደሉ ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ያለው 0.25 ፖይንት ስትሮክ (የፊደሉን ዙሪያ የሚከተል መስመር) መጨመርና አንድ ናሙና አሳትሞ ማየት ነው።

መጠኑም ያታልላል። የትንንሾቹ ፊደሎች ቁመት ዝቅተኛ ስለሆነ 12 ፖይንት ላይ በዓይን የሚታየው ከተራ ፎንት በጣም ያንሳል። ለኅትመት ከ24 ፖይንት በታች ባይወርድ ይመረጣል። ቀን፣ አድራሻና ስልክ ቁጥር በዚህ ፎንት ማስፈር አንባቢን ማሠቃየት ነው፤ እነሱን እንደ ኢቢ ጋራሞንድ ላለ ጸጥ ያለ ፎንት መተው ይሻላል። ዎርድ ላይ የመስመር ክፍተቱ ኤግዛክትሊ ተብሎ ከተጠበበ የካፒታሉ አናት ይቆረጣል፤ ወደ መልቲፕል ሲቀየር ይመለሳል። ድረ ገጽ ላይ ደግሞ ጭራው ከሳጥኑ ወጥቶ እንዳይቆረጥ በግራና በቀኝ ፓዲንግ፣ ማለትም በሳጥኑ ውስጥ ባዶ ቦታ፣ ይሰጠው። የግዕዝ ፊደል በውስጡ ስለሌለ አማርኛ ሲጻፍበት ኮምፒውተሩ ዝም ብሎ ሌላ ፎንት ይተካል። ሁለቱን ቋንቋ ጎን ለጎን የሚያወጣ ሰው የአማርኛውን ፎንት ራሱ መርጦ ቀጥ ብሎ እንደቆመ ይተወው፣ ለማመሳሰል ብሎ አያጋድለው።

ለስቲከር መቁረጫና ለሌዘር የሚላክ ፋይል ሌላ ጣጣ አለው። እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ዙሪያ መስመር ስላለው፣ ሁለቱ በተደራረቡበት ቦታ ሁሉ ማሽኑ ፊደሉን ሰንጥቆ ያልፋል። መፍትሔው ፊደሎቹን ወደ ቅርጽ ቀይሮ አንድ ላይ ማዋሐድ ነው፦ ኢለስትሬተር በተባለው የሥዕል ፕሮግራም ላይ ክሬት አውትላይንስ፣ ከዚያ በፓዝፋይንደር ዩናይት ይደረጋል። ኢንክስኬፕ በተባለው ሌላ የሥዕል ፕሮግራም ላይ ኦብጀክት ቱ ፓዝ፣ አንግሩፕ፣ ቀጥሎ ዩኒየን ነው። ከተዋሐደ በኋላ ጽሑፉ ስለማይታረም የስሙ አጻጻፍ አስቀድሞ ይጣራ፣ የሚታረመው ቅጂም ለብቻው ይቀመጥ።

ወፈር ያለ ቅጥልጥል የግድ ከሆነ ስኔል ራውንድሃንድ ይሻላል። ማቲው ካርተር በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቻርልስ ስኔል ከተባለ እንግሊዛዊ የጽሕፈት መምህር ሥራ ተነሥቶ የሠራው ሲሆን ሦስት ክብደት አለው። በአፕል ኮምፒውተሮች ላይ ተጭኖ ይመጣል፤ እንደ ግሬት ቫይብስ ግን ነጻ ስላልሆነ ከዚያ ውጭ ለመጠቀም ፈቃድ መግዛት ይጠይቃል።