ባለ ጭስ ማውጫው ምርጥ ምጣድ፦ ክረምትም በጋም ካለፈበት በኋላ

ጅማ ላይ የማገዶ ምድጃ የሚፈተነው በክረምት ነው። እንጨቱ እርጥብ፣ ግድግዳው እርጥብ፣ አየሩ ከባድ ነውና ጭሱ ለመውጣት ይሰንፋል። ይህ ምድጃ ሰኔ ሳይገባ ተተክሎ ክረምቱን፣ ቀጥሎም የቡና ለቀማውን ወራት እንጀራ ሲጋገርበት ቆይቷል። ዋጋውን ያወጣል። ገንዘብም ጥንቃቄም በብዛት መዋል ያለበት ግን ቱቦውና አተካከሉ ላይ ነው፤ ባለ ቱቦ ምድጃ ቤት ሲያቃጥል ብዙ ጊዜ መነሻው እዚያ ነውና።

ምድጃው ከሲሚንቶና ከአሸዋ፣ ወይም ፑሚስ ከሚባለው ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ጋር ተቦክቶ በቅርጽ ማውጫ የሚሠራ ነው። ስድስት ክፍል አለው፤ አራቱ ተጋጥመው ምጣዱን የሚሸከመውን ክብ ይሠራሉ፣ ሁለቱ ከኋላ የድስት ማስቀመጫ ይሆናሉ። ስትገዙ ጠርዙን በጥፍር ፋቅ አድርጉት። እንደ አሸዋ የሚረግፍ ከሆነ ሲሚንቶው በቂ ውኃ ሳይጠጣ የደረቀ ስለሆነ አትውሰዱት፤ ጥሩ ሥራ ቢያንስ ሳምንት ጥላ ሥር ውኃ እየጠጣ የቆየ ነው። ምጣዳችሁንም ይዛችሁ ሂዱና እዚያው አስቀምጡት። ጠርዙ ላይ ክፍተት ካለ ነበልባሉ በጎን ይወጣና አክንባሎ የምታነሣዋን ሰው እጅ ይለበልባል።

መደቡ ከድንጋይና ከጭቃ ይሠራ፤ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ቢኖረው ለጋጋሪዋ ወገብም ለሕፃናት ደኅንነትም ይበጃል። ምድጃው ከሚያርፍበት ሥር 5 ሳንቲ ሜትር ደረቅ አመድ አልብሱ፤ ሙቀቱ ወደ መሬት እንዳይሰርግ ይይዛል። መጋጠሚያዎቹን ግን በሲሚንቶ አትለስኑ። ሲግልና ሲበርድ ይሰነጠቃል፣ አንዱ ክፍል ሲሰበርም ነጥሎ ለማውጣት አይቻልም። ጭድ ገብቶበት ጥቂት ቀን የሰነበተ ጭቃ ይበቃል፤ ሲሰነጠቅ በእጅ ይደፈናል።

ቱቦው 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ነው። ከምድጃው የሚነሣው የመጀመሪያው አንድ ሜትር ከ1.5 ሚሊ ጥቁር ላሜራ ይሠራ። ጋልቫናይዝድ ላሜራ እሳት አጠገብ ሲግል ሽፋኑ ላይ ያለው ዚንክ ይነድና ጢሱ ሳንባ ይጎዳል። ከዚያ በላይ ያለው ጋልቫናይዝድ ቢሆን ይሻላል፤ ጥቁሩን ላሜራ የጅማ ዝናብ ቶሎ ያዝገዋል። ቱቦዎቹ ሲጋጠሙ የላይኛው ቱቦ ጫፍ ወደ ታችኛው ቱቦ ውስጥ ይግባ። ብየዳ ቤቶች ጭስ ያፈተልካል ብለው ብዙ ጊዜ በተቃራኒው ይገጥሙታል፤ ያኔ ጭሱ ሲቀዘቅዝ የሚፈጥረው ጥቁር ዝፍት መሰል ፈሳሽ በውጭ በኩል ይወርዳል፣ እሱም እሳት ይይዛል። እያንዳንዱ መጋጠሚያ በሦስት ብሎን ይታሰር። የግድ መታጠፊያ ካስፈለገ 90 ዲግሪ ሳይሆን 45 ዲግሪ ይሁን።

ባዶ ቱቦ ከማንኛውም ከሚቃጠል ነገር 45 ሳንቲ ሜትር መራቅ አለበት። የጭቃ ግድግዳም ከዚሁ ይቆጠራል። ምርጉ ሥር አጣናና ማገር አለ፤ ለወራት እየጋለ የኖረ እንጨት ውስጥ ለውስጥ ይከስልና በኋላ በትንሽ ሙቀት ይያያዛል። ቦታ ከጠበበ ከግድግዳው 2.5 ሳንቲ ሜትር ተነጥሎ የቆመ ላሜራ ከለላ አድርጉ። ከሥርም ከላይም አየር ይዙርበት፤ ያኔ ርቀቱን በግማሽ መቀነስ ይቻላል። ላሜራውን ግድግዳው ላይ ቀጥታ መምታት ግን ምንም አይከልልም፣ ሙቀቱን ያስተላልፋል።

ጣሪያው ላይ ሞራሌ ከቱቦው አጠገብ የሚያልፍ ከሆነ ቆርጣችሁ በጎን በሌላ ሞራሌ እሰሩት። በቱቦውና በቆርቆሮው መካከል የሚቀረውን ቀዳዳ በጨርቅ ወይም በሬንጅ የሚደፍን ሠራተኛ ካያችሁ አስቁሙት፤ ሬንጅ ይቀልጣል፣ ይነድዳልም። ትክክለኛው ነገር ዙሪያውን የሚከብብ ላሜራ ነው፤ የላይኛው ጠርዙ ከላይኛው ቆርቆሮ ሥር ይገባል፣ የታችኛው ከታችኛው ቆርቆሮ በላይ ያርፋል። ዝናቡ ያኔ ሳይገባ ያልፋል። ቱቦው ከጣሪያው ቢያንስ 90 ሳንቲ ሜትር፣ 3 ሜትር ውስጥ ካለ ከማንኛውም ነገር ደግሞ 60 ሳንቲ ሜትር ይበልጥ። አጭር ከሆነ ንፋስ ሲነሣ ጭሱን ወደ ቤት ይመልሰዋል። ጫፉ ላይ የዝናብ ክዳን አይቅር።

የመጀመሪያው እሳት ትንሽ ይሁን፤ ለሦስት ቀን በጭራሮ ብቻ አሙቁት። በሲሚንቶው ውስጥ የቀረው ውኃ በአንዴ እንፋሎት ከሆነ ምድጃው ይሰነጠቃል። ምጣዱ በጎመን ዘር የሚሟሸው ከዚያ በኋላ ነው።

በአጠቃቀም ረገድ፣ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶው ወደ ግማሽ ይወርዳል የሚባለው እውነት ነው፤ እንጨቱ ደረቅ ከሆነ። ባሕር ዛፍ ተፈልጦ ጣሪያ ሥር ስድስት ወር ይቆይ። ከጉንደላ፣ ማለትም ያረጀ ቡና እንዲታደስ ሲቆረጥ፣ የወጣ የቡና ግንድ ሲደርቅ ከዚህም ይበልጣል፣ ፍሙ ይቆያል። የቡና ገለባ ግን አትጨምሩበት፤ አየሩን አፍኖ ጭስ ብቻ ያወጣል። ሊጥ ሲፈስ ከኋላ በኩል ቶሎ ዓይን እያወጣ ከፊት የሚዘገይ ከሆነ ነበልባሉን ቱቦው እየሳበው ነው። ከጭስ መውጫው ፊት ጡብ የሚያህል ጭቃ ማቆም ያስተካክለዋል። ድስት ማስቀመጫው ባዶ ሲሆን በላሜራ ክዳን ይሸፈን፣ አለበለዚያ ጭሱ በዚያ ይወጣል። ቱቦው ላይ መዝጊያ ካለ ፍም እያለ ፈጽሞ አትዝጉት። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፤ ፍም ባለበት ማድ ቤት ውስጥም ማንም አይተኛ።

ጥላሸቱ በክረምት ፈጥኖ ይጠራቀማል። በየወሩ አንኳኩታችሁ እዩት፤ ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ቱቦውን አውርዳችሁ በሽቦ ብሩሽ ጥረጉ። ድንገት ቱቦው ውስጥ የሚያጓራ ድምፅ ከተሰማ ጥላሸቱ ተያይዟል ማለት ነው። የማገዶ ማስገቢያውን በላሜራና በእርጥብ ጭቃ ድፈኑ፣ ሰው ሁሉ ይውጣ፤ በጋለው ቱቦ ላይ ውኃ አታፍስሱ።

የማድ ቤቱ ጣሪያ ሣር ከሆነ ይህን ቱቦ በዚያ አታሳልፉት። በቱቦው ጫፍ የምትወጣ አንዲት ብልጭታ ትበቃለችና መጀመሪያ የቆርቆሮ ማድ ቤት ለብቻው ይሠራ።