ሌሊት 11 ሰዓት የሚከፈት የጸሎት መስመር

በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ያለን አማኞች የስልክ ጸሎት መስመር አናጣም። ሲልቨር ስፕሪንግም ኑሩ አሌክሳንድሪያ፣ ሁለት ሦስት ቁጥር ስልካችሁ ላይ ይኖራል። አንዱን አክስት ልካላችኋለች፣ ሌላውን የድሮ የመዘምራን ጓደኛ። እኔም ብዙዎቹን ገብቼ አይቻለሁ። ዛሬ የምጽፈው ስለቆየሁበት አንድ መስመር ነው። ቁጥሩ የአንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን የውስጥ ቁጥር ስለሆነ ስሟን አላወጣም። አሠራሩ ግን ለሌላውም ስለሚጠቅም በዝርዝር ልናገር።

ከሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ በምሥራቅ አሜሪካ ሰዓት ጠዋት 5፡00 ይከፈታል። በእኛ አቆጣጠር ሌሊት 11 ሰዓት መሆኑ ነው። 5፡45 ላይ ይዘጋል። የሚጠቀሙት ፍሪ ኮንፈረንስ ኮል የሚባለውን አገልግሎት ነው። ቁጥሩን ትደውላላችሁ፣ ኮዱን ታስገባላችሁ፣ ገባችሁ። ኢንተርኔት የግድ አይደለም። ሊንክ መክፈት የሚያስጨንቃቸው እናቶች በቤት ስልካቸው ይገባሉ። እስከ 1,000 ሰው መያዝ ይችላል፤ እኛ ግን አንድ ሰፊ ሳሎን የሚሞላ ሰው ነን። ድምፅ ለመዝጋትም ለመክፈትም ኮከብን እና 6ን መጫን ነው። ክፍያ የለውም። ብቻ ያላችሁን የስልክ ጥቅል አስቀድማችሁ አጣሩ፤ ለእንዲህ ያለ ቁጥር በደቂቃ የሚያስከፍሉ ኩባንያዎች አሉ።

የምትመራው እህት ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። ሰዓት ታከብራለች። መጀመሪያ አንዲት እህት ያለ ሙዚቃ መሣሪያ ትዘምራለች። ቀጥሎ አንድ ምዕራፍ ይነበባል፣ ስብከት ግን የለም። ከዚያ ምልጃ ነው፦ ለአገር፣ ለታመሙ፣ የመኖሪያ ወረቀት ለሚጠብቁ፣ ሥራ ለጠፋባቸው። አጭር አጭር ጸሎት ነው፤ አንድ ሰው መስመሩን አይዝም።

ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ሌላ የትም መስመር ላይ አላገኘሁትም። መሪዋ «አሁን ዝም ብለን እንስማ» ትላለች። ማንም አይናገርም። ሁለት ደቂቃ፣ አንዳንዴ ሦስት። መጀመሪያ ሰሞን ከብዶኝ ነበር። ጸሎት ማለት እኛ የምንናገረው ነው ብለን አድገን፣ ስልክ ይዞ ዝም ማለት ግራ ያጋባል። የአንዱ ትንፋሽ ይሰማል፤ ሚዩት ማድረግ የረሳ ሰው ቤት ውኃ ይንቆረቆራል። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ትጠይቃለች፦ «ዛሬ ወደ ማን ተላካችሁ?» መልሱን ማንም ጮክ ብሎ አይናገርም። ለየራሳችን ይዘነው እንወጣለን።

እኔ የምሠራው ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው። ሥራ የምገባው 7፡00 ላይ ነው። አንድ ቀን በዚያ ዝምታ ውስጥ ወደ ልቤ የመጣው ፎቃችን ላይ ያሉ አንድ አዛውንት ነበሩ። ሲያጥቧቸው ይጮኻሉ፣ ይሳደባሉ፤ ሠራተኛው ሁሉ ቶሎ ጨርሶ መውጣት ነው የሚፈልገው። የዚያን ዕለት ከማጠቤ በፊት ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ምንም አልሰበክሁም። «ምን ላድርግልዎት?» ብቻ አልኳቸው። ትከሻቸውን አሳዩኝ። ከድሮ ጉዳት የቀረ ሕመም ኖሮ፣ ያን ክንዳቸውን ወደ ላይ ስናነሳው ነው ለካ የሚጮኹት። ለኃላፊዋ ነርስ ነገርኩ፤ አስተጣጠባችን ተቀየረ። በመንፈስ መመላለስ ሲባል ገላትያ 5 ላይ የተዘረዘረውን ፍሬ ሁላችንም በቃል እንለዋለን። ትዕግሥትና ቸርነት ግን አንድ ቦታ ላይ ሰው መንካት አለባቸው። ያን ጠዋት አንድ ትከሻ ጋ ደረሱ።

ሌላ ጊዜ የተነበበው ሐዋርያት ሥራ 16 ነበር። መንፈስ ቅዱስ ጳውሎስንና አብረውት የነበሩትን በእስያ ቃሉን እንዳይናገሩ የከለከለበት ክፍል ነው። የዚያን ቀን ዳብል ሺፍት፣ ሁለት ተራ በተከታታይ፣ ሥሪ ተባልኩ። ገንዘቡ ያስፈልገኝ ነበር፤ ልቤ ግን አላረፈም። አይ አልኩ። ከምን እንደዳንኩ የምመሰክረው ታሪክ የለኝም። ማታ ከልጄ ጋር እራት በላሁ፣ የሒሳብ የቤት ሥራውን አብረን ሠራን። ለእኔ ይህም ምሪት ነው።

ይህን መስመር ከፍ አድርጌ የማየው ሌላውንም ስለማውቀው ነው። ከዚህ በፊት የነበርኩበት አንድ መስመር ላይ መሪው በየጠዋቱ ስም እየጠራ «ቃል» ይሰጥ ነበር። እገሊት ቤት ትገዢያለሽ፣ እገሌ ይህችን ልጅ አታግባ። መጨረሻ ላይ ገንዘብ የሚላክበት የዜል ቁጥር ይነገራል። እየቆየ ሰዎች የቤት ኪራይ ውል ለመፈረም እንኳ እሱን ሳይጠይቁ አልንቀሳቀስ አሉ። ይህ ያሳዝነኛል፤ ያስቆጣኛልም። ጌታ ዛሬም እንደሚናገር በሙሉ ልቤ አምናለሁ። ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች መንፈስን አታጥፉ፣ ትንቢትንም አትናቁ ሲል፣ ሁሉን ፈትኑ ብሎ አክሎበታል። የማይፈተን ቃል አደገኛ ነው። ሮሜ 8 በመንፈስ ስለሚመሩ የእግዚአብሔር ልጆች ነው የሚናገረው። ልጅ ደግሞ አባቱን ራሱ መስማት ይማራል።

አሁን ያለሁበት መስመር ላይ ለሰው የሚሆን ቃል አለኝ የሚል ሰው በሕዝብ ፊት አያወጣውም። መጀመሪያ ለመሪዋና ለሁለት ሽማግሌዎች ይናገራል። እነሱ ከቃሉ ጋር ያመዛዝኑታል። ገንዘብ ፈጽሞ አይነሳም።

ይህ ሥርዓት ከየት እንደመጣ ሳስብ መስመሩ ላይ ያሉት እናቶች ትዝ ይሉኛል። አንዳንዶቹ በደርግ ዘመን በየቤቱ በድብቅ ይጸልዩ ከነበሩት ናቸው። መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. ስትዘጋ መሪዎቿ ታሰሩ፣ ምእመኑ በትንንሽ ቡድን ወደየቤቱ ገባ። ስትዘጋ 5,000 ያህል የነበረው አባል በ1983 ዓ.ም. እንደገና ስትከፈት 34,000 አካባቢ ደርሶ ነበር። በዚያ ጊዜ መድረክ የለም፣ ማይክ የለም። ድምፅ ከፍ ካለ ጎረቤት ይሰማል። መሪው ነገ ሊታሰር ስለሚችል እያንዳንዱ ራሱ ማንበብ፣ ራሱ መጸለይ፣ የመንፈስን ድምፅ ራሱ መለየት ነበረበት። እነዚህ እናቶች ዛሬም ሲጸልዩ ዝግ ባለ ድምፅ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር፣ አሜን፣ በቃ። ከእነሱ ጋር በአንድ መስመር ላይ መሆን ብቻውን ትልቅ ትምህርት ነው።

መስተካከል ያለበትም አለ። የታመሙ ሰዎች ሙሉ ስም ከነበሽታቸው ይነገራል። ቁጥሩ ያለው ማንም ሰው ድምፁን ሳያሰማ ገብቶ ማዳመጥ እንደሚችል መታሰብ አለበት። የመጀመሪያ ስም ብቻ ቢባል ጌታ ያውቃቸዋል። ስፒከር ላይ አድርገው የሚገቡ ሰዎች ደግሞ ድምፃቸውን ካልዘጉ መስመሩ ያስተጋባል። ሲያትል ላሉ ሰዎች ሰዓቱ ሌሊት 2፡00 ነው፤ ለእነሱ አልመክርም። ለአዲስ አበባ ግን ምቹ ነው። በአሜሪካ በጋ ቀን 6 ሰዓት፣ አሜሪካ ሰዓቷን ስትቀይር ደግሞ በእሷ ክረምት ቀን 7 ሰዓት ይሆናል። እህቴ ከምሳ ሰዓቷ ላይ ቆርሳ በአፑ በኩል ትገባለች።

ሌሊት ሠርተው ለሚገቡ፣ ሕፃን ለሚያጠቡ እናቶች፣ ጎህ ሳይቀድ መንገድ ላይ ለሆኑ ሾፌሮች በጣም ይሆናል። ለራሱ ረዘም ያለ የጥሞና ጊዜ ያለው ሰው ግን በዚህ አይተካው፤ 45 ደቂቃው ለብቻ የሚነበብ ቃል አይተካም። ሳሎን ውስጥ ተኝቶ ለሚያዳምጥ ሰው ደግሞ ዝምታው እንቅልፍ ይሆንበታል፤ ተነስቶ መቀመጥ ይሻላል።

እንዲህ ያለ መስመር በቤተ ክርስቲያናችሁ ካለ፣ ከመግባታችሁ በፊት መሪዎቹን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ትንቢት ሲመጣ ማን ይፈትነዋል? ገንዘብስ ይጠየቃል? መልሱ ግልጽ ከሆነ ቁጥሩን ተቀበሉ፣ ማንቂያውን 4፡50 ላይ ሙሉት።