የኖርዌይ ገጠር በቡድን፦ መጀመሪያ ሳምንቱን፣ ቀጥሎ ጣሪያውን፣ ቦታውን በመጨረሻ

«ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነን» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ከዋጋው በፊት ሳምንቱን ጠይቁ። የኖርዌይ ከፍተኛ ተራራ በዓመት ሁለት ጊዜ ለቡድን ጉዞ አይመችም። አንደኛው ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ጁን ማብቂያ ያለው ነው። በረዶው ለስኪ (ለበረዶ መንሸራተቻ) ረጥቧል፣ ለእግር ገና አልለቀቀም፣ ጅረቱ በቀለጠ በረዶ ሞልቷል፣ አብዛኛው የተራራ ማረፊያም ሠራተኛውን አሰናብቶ ተዘግቷል። ሁለተኛው ከኦክቶበር አጋማሽ እስከ ፌብሩዋሪ አጋማሽ ነው፤ በዲሴምበር ኦስሎ እንኳ የምታገኘው የቀን ብርሃን 6 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በእነዚህ ወራት የሚሸጥ ጉዞ ሁሉ መጥፎ አይደለም። ሸለቆ ውስጥ ያለ ሞቃት ቤት፣ ወይም ትሮምሶ አካባቢ የሰሜን ብርሃን ማየት ከሆነ ጥሩ ነው። በኖቬምበር ከጎጆ ወደ ጎጆ የሚያስኬድ «የተራራ ሳምንት» የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ ግን የትኛው ጎጆ ክፍት እንደሆነ ስሙን ይንገራችሁ።

የቀሩት ሁለት ጥሩ ወቅቶች ናቸው፤ ከፌብሩዋሪ አጋማሽ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ በስኪ፣ ከጁላይ መጀመሪያ እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ በእግር። (ወሮቹም ዓመተ ምሕረቶቹም የፈረንጅ ናቸው። ክረምት ስንልም የእነሱን የበረዶ ወቅት ማለታችን ነው።)

ክረምት ወይስ በጋ?

ከቡድኑ ግማሹ ስኪ ረግጦ የማያውቅ ከሆነ ክረምቱን ከተራራ ጎጆ ጋር አታዳብሉት። የበረዶ ማሽን በየጊዜው መንገድ የሚያወጣባቸው ቦታዎች አሉ፤ ከሊለሃመር በላይ ያለው ሹሾየን፣ ጎሎ፣ በባቡር የሚደረስበት ያይሎ። ጀማሪ እዚያ በቀን ከ10 እስከ 12 ኪሎ ሜትር በደስታ ይሄዳል። ከዚያ ውጭ ባለው የተራራ ሜዳ ላይ ግን መንገዱን የሚያሳየው በረዶ ውስጥ የተተከለ የበርች ዛፍ ቅርንጫፍ ብቻ ነው። ነፋስ ሲነሳ ከፊት ያለው ሰው ይጠፋል፤ የቡድኑ ፍጥነት ደግሞ የደካማው ሰው ፍጥነት ነው። ቆሞ የሚጠብቀው ጠንካራው ቀድሞ ይበርደዋል።

ስኪ ስትከራዩ ለጀማሪ ከሥሩ የተለጠፈ የፀጉር ጨርቅ ያለበትን ዓይነት ጠይቁ፤ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ይይዛል። ከሥሩ ሰም የሚቀባው ስኪ ርካሽ ሊሆን ይችላል፣ ነገር ግን ሙቀቱ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲሆን የትኛው ሰም እንደሚይዝ የአገሬው ሰው ራሱ ይከራከራል። ሰሙ ካልያዘ ጀማሪ ዳገት ላይ ጉልበቱን ጨርሶ ይቀራል። ከመንገድ ወጥቶ ለሚሄድ ደግሞ የብረት ጠርዝ ያለው የተራራ ስኪ ያስፈልጋል፤ ቀጭኑ ስኪ የጠጠረ በረዶ ላይ አይነክስም።

በጋው ይቅር ባይ ነው፤ ጫማ ያለው ሁሉ ይሄዳል። ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ከፍታው አያስፈራም፤ የኖርዌይ ትልቁ ተራራ ጋልድሆፒገን 2,469 ሜትር ነው፣ እንጦጦ ይበልጠዋል። የሚያስቸግረው ነፋሱና እርጥበቱ ነው፤ ኦገስት ላይም ዜሮ አጠገብ የሆነ ዝናብ ይመጣል። ጂንስና የጥጥ ካኔተራ ከረጠበ አይደርቅም፤ ከውስጥ ሱፍ፣ ከላይ ውሃ የማያስገባ ጃኬትና ሱሪ፣ ጓንትና ቆብ በጁላይም ቦርሳ ውስጥ ይግባ።

የሳምንት ምርጫ ዋጋውን ከምንም በላይ ይለውጠዋል። በክረምት 8ኛውና 9ኛው የዓመቱ ሳምንት የትምህርት ቤት ዕረፍት ነው፤ የፋሲካ ሳምንታቸው ደግሞ ከሁሉ ይብሳል፣ አገሩ ሁሉ ተራራ ይወጣል። በመካከል ያለው ማርች ላይ በረዶው ጥልቅ፣ ቀኑ 12 ሰዓት ገደማ፣ ቤቱ ርካሽ ነው። በበጋ የጁላይ ሦስት ሳምንታት የጋራ ዕረፍታቸው ናቸው፤ ከኦገስት አጋማሽ ወዲህ አልጋም ይገኛል፣ ትንኙም ይቀንሳል።

አራት ዓይነት ጣሪያ

እዚህ ላይ ነው ገዢዎች የሚሳሳቱት፤ «ጎጆ» የሚለው ቃል አራት የተለያየ ነገር ይሸጥበታል።

*ባለ አስተናጋጅ የተራራ ጎጆ።* ብዙዎቹ በ1868 የተቋቋመው የኖርዌይ የቱሪስት ማኅበር (ዴኤንቴ) ናቸው። ብርድ ልብስና ትራስ ያለበት አልጋ፣ ሻወር፣ ቁርስ፣ እራት አለ። ጠዋት ከቁርሱ ገበታ ላይ ስንቃችሁን ትቋጥራላችሁ፣ ፔርሙሳችሁን ትሞላላችሁ። እራት በሰዓቱ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ በእነሱ 19፡00። ዘግይቶ የሚደርስ ቡድን የሚበላው የተረፈውን ነው። የጀርባ ቦርሳ ከ7 እስከ 9 ኪሎ ይበቃል። የአንሶላ ከረጢት ይዞ መምጣት ግዴታ ነው፤ ረስታችሁ ከሄዳችሁ እዚያው ትገዛላችሁ ወይም ትከራያላችሁ። ከአራቱ ለአንድ ሌሊት ለአንድ ሰው ከሚወደዱት አንዱ ነው፣ ግን የመጀመሪያ ጊዜ ተጓዦችን ሳያጣላ የሚመልሰው ይኸው ነው። አባል መሆን የሌሊቱን ዋጋ ስለሚቀንስ ሦስት አራት ሌሊት ለሚያድር ያዋጣል።

*ሰልፍ ሰርቪስ ጎጆ።* ሰው የለም፤ በማኅበሩ አባላት ቁልፍ ይከፈታል። ጋዝ፣ ድስት፣ የተፈለጠ እንጨት፣ ብርድ ልብስ፣ ከዚያም የታሸገና የደረቀ ምግብ ያለበት ጓዳ ይጠብቃችኋል። የወሰዳችሁትን መዝግባችሁ ትከፍላላችሁ፤ የሚቆጣጠር የለም፣ የሚሠራውም በመተማመን ነው። ውሃ ከጅረት ትቀዳላችሁ፣ በክረምት በረዶ ታቀልጣላችሁ፤ ለ8 ሰው እራትና ለነገ መጠጥ የሚሆን በረዶ ማቅለጥ ብቻውን የአንድ ምሽት ሥራ ነው። ሲወጡ ወለሉን መጥረግ፣ አመዱን ማውጣት፣ ያነደዱትን ያህል እንጨት ወደ ውስጥ ማስገባት ግድ ነው። ከ6 እስከ 8 ለሚሆኑ፣ ለሚግባቡ ሰዎች የሚያህለው የለም። ለ15 ሰው ግን አይሆንም፤ ብዙዎቹ ጎጆዎች ያን ያህል አልጋ የላቸውም፣ ሌላ መንገደኛም በር ላይ ይደርሳል። በተመሳሳይ ቁልፍ የሚከፈቱ፣ ግን ጓዳ የሌላቸው ጎጆዎችም ስላሉ ካርታው ላይ የትኛው ምን እንደሆነ ለዩ። ምግብ አለ ብሎ ባዶ ጎጆ መድረስ ከሁሉ የከፋው ስሕተት ነው።

*የኪራይ ቤት፣ ማለትም ሂተ።* ለቤተሰብና ለቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ቡድን ብዙ ጊዜ የሚያዋጣው ይህ ነው፤ ዋጋው ለ10 ሰው ሲካፈል ከአራቱ ዝቅ ይላል። አንድ ቦታ ታድራላችሁ፣ የፈለገ ይሄዳል፣ የደከመው ቡና ያፈላል። ነገር ግን ማስታወቂያውን በኖርዌይኛ አንብቡት። «ሄልኦርስቬይ» ካለ መኪና ዓመቱን ሙሉ በር ድረስ ይደርሳል፤ ካላለ በክረምት ከመኪና ማቆሚያው ሻንጣና ሕፃን በበረዶ ላይ መጎተት ይጠብቃችኋል። «ኢንላግት ቫን» ካላለ ቧንቧ የለም፤ «ኡተዱ» ካለ መጸዳጃው ውጭ ነው። «10 አልጋ» ሲባል «ሄምስ» ውስጥ ያለውን ቆጥረው ነው፤ ይኸውም ቆሞ የማያስኬድ፣ በመሰላል የሚወጣበት ቆጥ ነው፤ አያት አይወጡበትም። አንሶላና ፎጣ ብዙውን ጊዜ በዋጋው ውስጥ የለም፤ የመጨረሻው ጽዳትም ወይ በራሳችሁ ነው ወይ በክፍያ ነው። መብራት በቆጣሪ የሚያስከፍሉም አሉ፣ በፌብሩዋሪ ይህ ቀላል ሒሳብ አይደለም። በዕረፍት ሳምንታት ኪራዩ ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ነው፤ በማግሥቱ እሑድ አብዛኛው ሱቅ ስለሚዘጋ አስቤዛውን በመንገድ ላይ ግዙ።

*የተራራ ሆቴል ከአስጎብኚ ጋር።* ሁሉም ነገር የታሰረ ጥቅል ነው፤ መጓጓዣ፣ ምግብ፣ አስተማሪ። ዋጋው ከሁሉ ይወደዳል። አዛውንትም ጎበዝ ስኪ ነጂም ያሉበት ድብልቅ ቡድን ከሆነ ግን በገንዘቡ የምትገዙት በችሎታ መከፋፈልን ነው። ስለዚህ አንዱን ነገር ጠይቁ፦ በቀን ስንት መሪ አለ? አንድ ብቻ ካለ ቡድኑ አይከፈልም፤ የከፈላችሁበት ነገር የለም ማለት ነው።

ድንኳንስ? ከ1957 ጀምሮ በሕግ በተደነገገው የሁሉም ሰው መብት መሠረት፣ ካልታረሰ መሬት ላይ፣ ሰው ከሚኖርበት ቤት ቢያንስ 150 ሜትር ርቆ፣ በአንድ ቦታ እስከ ሁለት ሌሊት በነፃ ማደር ይቻላል። ከኤፕሪል 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ጫካ ውስጥም አጠገቡም እሳት ማንደድ የተከለከለ ነው። ቦርሳው ከ15 ኪሎ ያልፋል። ለጀማሪ ቡድን አንመክረውም።

ቦታ፦ ሮንዳነ፣ ዮቱንሄይመን ወይስ ሃርዳንገርቪዳ?

ሁሉም የሚያውቀው ዮቱንሄይመንን ነው፤ ምክንያቱም ቤሴገን የሚባለው ሸንተረር እዚያ ነው። ሐይቅ ዳር ካለው የመሙሩቡ ማረፊያ እስከ ዬንደስሄይም ማረፊያ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይወስዳል፣ ድንጋዩ በእጅ እየተያዘ የሚወጣበት ቦታ አለው። ጠዋት በጀልባ ወደ መሙሩቡ ሄዳችሁ በእግር ተመለሱ፤ በተቃራኒው የሄደ ቡድን የመጨረሻው ጀልባ ሊያመልጠው ይችላል። ገደል የሚፈራ ሰው አንድ እንኳ ካለ ይህ የእናንተ ቦታ አይደለም። መሃል ላይ መመለስ ያንኑ ዳገት በቁልቁለት መውረድ ነው። ጋልድሆፒገንን ከዩቫስሂታ በኩል የሚወጣ ደግሞ የበረዶ ግግር ያቋርጣል፤ ያለ መሪና ያለ ገመድ አይሞከርም።

ለድብልቅ ቡድን ሮንዳነ ይሻላል። በ1962 የአገሪቱ የመጀመሪያ ብሔራዊ ፓርክ የሆነው ይህ አካባቢ ከምዕራቡ ይልቅ ደረቅ ነው። ከስፕራንገት የመኪና ማቆሚያ እስከ ሮንድቫስቡ ጎጆ 6 ኪሎ ሜትር የሚሆን የተመቸ ጥርጊያ መንገድ አለ፤ ልጆች በብስክሌት ይሄዱታል። ጎበዙ ከጎጆው ተነሥቶ ከ2,000 ሜትር በላይ ወዳለው ጫፍ ይወጣል፣ ሌላው ሐይቁ ዳር ይቀመጣል፣ ማታ አንድ ገበታ ላይ ይገናኛል።

ሃርዳንገርቪዳ መኪና ለሌለው ነው። ፊንሰ ባቡር ጣቢያ 1,222 ሜትር ላይ፣ መኪና በማይደርስበት ቦታ ተቀምጧል፤ ከኦስሎ የተሳፈረ በሩ ላይ ይወርዳል። ሜዳው ሰፊ ስለሆነ ገደል የለም፣ ከነፋስ የሚከልልም ግን የለም፤ በማርች ማዕበል ለማያውቅ ሰው ከቤሴገን የበለጠ አደገኛ ነው።

የትም ብትሄዱ ቀይ «ቲ» (T) የተቀባባቸውን ድንጋዮች ተከተሉ፤ ምልክቱ ላይ በተጻፈው ሰዓት ደግሞ አንድ ሦስተኛ ጨምሩበት፤ ቡድን ጫማ ያስራል፣ ፎቶ ያነሣል፣ እግሩ ውሃ ይቋጥራል።

የጾም ነገር

ከላይ የመረጥናቸው ሁለት ወቅቶች ከሁዳዴና ከፍልሰታ ጋር ይጋጫሉ። ማርች ሁዳዴ ነው፣ ከኦገስት 7 እስከ 21 ደግሞ ፍልሰታ። በ2026 የእነሱ ፋሲካ ኤፕሪል 5፣ የእኛ ኤፕሪል 12 ነው፤ ስለዚህ የፋሲካ ዕረፍታቸው በሕማማታችን ዋዜማ ይውላል። ምግብ ስታዝዙ «ቬጋን» በሉ፤ «ቬጀታሪያን» ካላችሁ እንቁላልና ቡናማው አይብ ይመጣል። አስቀድሞ ያልተነገረው ጎጆ የሚያቀርበው ድንችና ዳቦ ሊሆን ይችላል፤ ምግቡ የሚመጣው በየቀኑ አይደለም። ሰልፍ ሰርቪስ ጎጆ ለጿሚ ይመቻል፦ ለአንድ ሰው ለአንድ እራት 80 ግራም ያህል ሽሮ፣ ትንሽ ጠርሙስ ዘይት፣ ለመንገድ በሶና ቆሎ። በሶ በቀዝቃዛ ውሃ ስለሚበጠበጥ ምድጃ አይፈልግም። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው በስኪ ቀን ጠዋት ጀምሮ ረጅሙን ጉዞ ባይወስድ ይሻላል፤ ጉልበቱ የሚከዳው ብርዱ በሚብስበት ሰዓት ነው።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት

በኖርዌይና በአውሮፓ ኅብረት የጥቅል ጉዞ ሕግ መሠረት ማረፊያና መጓጓዣ አንድ ላይ የሸጠ አዘጋጅ ቢከስር ገንዘባችሁን የሚመልስ ዋስትና ሊኖረው ይገባል፤ የኖርዌዩ «ራይሰጋራንቲፎንደት» ይባላል። ከገዛችሁ በኋላ ዋጋው ከ8 በመቶ በላይ ከጨመረ ያለ ቅጣት መሰረዝ ትችላላችሁ። ሰው አልሞላም ብሎ አዘጋጁ የሚሰርዝበትም ገደብ አለ፦ ከ6 ቀን ለሚበልጥ ጉዞ ቢያንስ ከ20 ቀን በፊት፣ ከ2 እስከ 6 ቀን ለሆነው ከ7 ቀን በፊት ማሳወቅ አለበት። ቤቱን ለብቻ፣ ባቡሩን ለብቻ ራሳችሁ ከገዛችሁ ይህ ጥበቃ የለም።

ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚመጣ ሰው ካለ የሼንገን ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው ከ6 ወር በፊት አይቀርብም፣ ከ15 ቀን ወዲህም አይዘገይም፤ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የሕክምና መድን ይጠየቃል። የእሱን አልጋ በተመላሽ ዋጋ ያዙ። ተራራ ላይ የሚደረግ የነፍስ አድን ሥራ በኖርዌይ ነፃ ነው፣ የሆስፒታሉ ሒሳብ ግን በመድኑ ነው።

የመጨረሻው ጥያቄ ስለ መመለስ ነው። በ1967 ፋሲካ 18 ሰዎች ተራራ ላይ ከሞቱ በኋላ በስፋት የተሰራጨው የኖርዌይ የተራራ ደንብ «በጊዜ ተመለሱ፤ መመለስ አያሳፍርም» ይላል። አዘጋጁን በጽሑፍ ጠይቁት፦ መሪው በማዕበል ምክንያት ቡድኑን ቢመልስ ያልታደረበትን ጎጆ ማን ይከፍላል? ተጨማሪውንስ ሌሊት? ሒሳቡ በተጓዡ ላይ ከሆነ ከቡድኑ አንዱ «እንቀጥል» ብሎ መሪውን ይጫነዋል።