ኮን፣ የታጠፈ ሽፋን ወይስ ኤሌክትሮስታቲክ፦ ለጎንደር ሳሎን የሚመች ስፒከር ንጽጽር

ለቤቱ ጥራት ያለው ስፒከር የሚገዛ ሰው ከሳጥኑ ውበትና በጀርባው ከተለጠፈው የዋት ቁጥር በፊት፣ ዕቃው አየሩን በምን እንደሚገፋ ቢጠይቅ ይሻለዋል። ዛሬ በገበያ ላይ ያሉትን ዋና ዋና መንገዶች በሦስት መክፈል ይቻላል።

የመጀመሪያው ሁላችንም የምናውቀው፣ እንደ ሾጣጣ የጎደጎደው ኮን ነው። የጄኔራል ኤሌክትሪክ ባለሙያዎች የነበሩት ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ እ.ኤ.አ. በ1925 ይፋ ባደረጉት አሠራር፣ በማግኔት ክፍተት ውስጥ የገባ ጥቅል ሽቦ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ወደፊትና ወደኋላ እየተመላለሰ ከላዩ የተጣበቀውን ኮን ያንቀሳቅሳል። መቶ ዓመት የሞላው ይህ አሠራር አርጅቷል ብሎ ማለፍ ግን ስሕተት ነው። ለምሳሌ ኮኑን ከክፈፉ ጋር የሚያያይዘው የጎማ ቀለበት ኮኑ በተንቀሳቀሰ ቁጥር አየር የሚገፋውን ስፋት ስለሚለዋውጠው ድምፁ ይዛባል፤ ፑሪፊ የተባለው የዴንማርክ ኩባንያ ቀለበቱን ሞገዳማ ቅርጽ በመስጠት ይህን መዛባት በእጅጉ ቀንሷል። ኬኢኤፍ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2020 ከትዊተሩ፣ ማለትም ቀጭኑን ድምፅ ከሚያሰማው ትንሽ ክፍል፣ ጀርባ የሚወጣውን የማይፈለግ ድምፅ ውጦ የሚያስቀር፣ በቀጫጭን መተላለፊያዎች የተሞላ ዝርግ ክብ ሳህን ይዞ ቀርቧል። ከቤሪሊየም የተሠሩ ትዊተሮችም አሉ፤ ብረቱ ቀላልና እጅግ ድርቅ ያለ በመሆኑ ለቀጭን ድምፅ ይመቻል፤ ዋጋው ግን ውድ ነው፣ ከተሰበረም ብናኙ ለሳንባ አደገኛ ስለሆነ በእጅ መነካካት አይገባም።

ሁለተኛው እንደ አኮርዲዮን የታጠፈ ስስ ሽፋን ነው። ኦስካር ሃይል የተባለው ጀርመናዊ የፊዚክስ ሊቅ የፈጠረው ይህ ትዊተር አየሩን እንደ ኮን ፊት ለፊት አይገፋም፤ እጥፋቶቹ ሲጠጋጉ አየሩ ከመካከላቸው ተጨምቆ፣ ሽፋኑ ራሱ ከሚንቀሳቀስበት ፍጥነት ከአራት እጥፍ በላይ በሆነ ፍጥነት ይወጣል። በመሆኑም የማሲንቆን የመጀመሪያ ምት፣ እንዲሁም የበገናን ዐሥር አውታሮች የሚያንዘረዝሩትን ቁራጭ ቆዳዎች ድምፅ ጥርት አድርጎ ያሰማል። ወፍራሙን ድምፅ ስለማይችል አብዛኛውን ጊዜ ከኮን ጋር ተጣምሮ ይመጣል። ደግሞም ረጅም የሆነው ዓይነት ድምፁን ወደ ላይና ወደ ታች እምብዛም ስለማይበትን፣ ሲቀመጡ ከጆሮ ትይዩ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ኤሌክትሮስታቲክ ነው፤ ኳድ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1957 ለገበያ ካቀረበው ጀምሮ ብዙ አፍቃሪ አለው። በሁለት ቀዳዳማ ሰሌዳዎች መካከል የተወጠረ፣ ውፍረቱ በማይክሮን (በሚሊሜትር ሺኛ) የሚለካ ፊልም በብዙ ሺህ ቮልት ተሞልቶ ይንቀሳቀሳል። የሰው ድምፅ እንደዚህ ተፈጥሯዊ ሆኖ የሚሰማበት ስፒከር ጥቂት ነው፤ ይህን አልክድም። ሆኖም ከፊቱም ከኋላውም እኩል ስለሚያሰማ ከግድግዳ አንድ ሜትርና ከዚያም በላይ መራቅ ይፈልጋል፤ ይህም አራት ሜትር በአራት ሜትር በሆነ፣ ሶፋና ቡፌ በሞላው ሳሎን ከባድ ነው። የበጋውን አቧራም ይስባል። ከሁሉ በላይ ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያነሰ ነው፤ የሳሳ አየር ደግሞ ከፍተኛ ቮልቴጅን የመቋቋም ዐቅሙ ስለሚቀንስ፣ በባሕር ጠረፍ ሰላም የነበረው ፊልም እዚህ ብልጭታ ሊያነሣና ሊበሳ ይችላል። ሻጩን «አምራቹ እስከ ስንት ሜትር ከፍታ ይፈቅዳል?» ብለው ሳይጠይቁ ገንዘብ አይክፈሉ።

ከፍታው ኮኑንም አይተወውም። የአየሩ ክብደት ስለቀነሰ በስሌት ሲታይ ያው ኮን በያው እንቅስቃሴ የሚሰጠው ድምፅ ወደ 2 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ያህል ይቀንሳል፤ ይህን ለማካካስ 50 ዋት ይበቃ ከነበረ 80 ዋት ገደማ ያስፈልጋል ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት ስፒከሮች በሌላው ሁሉ ከተመጣጠኑ በ1 ዋት 88 ዴሲቤል የሚሰጠውን በ85ቱ ላይ መምረጥ ይበጃል፤ የ3 ዴሲቤል ልዩነት የአምፕሊፋየሩን ኃይል ግማሽ ያድናል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ የሚነሣው ከፍ ያለ ቮልቴጅ አምፕሊፋየሩን እንዳይጎዳ ለስታቢላይዘር የሚሆን ገንዘብም ከበጀቱ አስቀድሞ መለየት አለበት።

እኔ ለአንድ የጎንደር ሳሎን የምመርጠው በጥሩ ኮን ላይ የታጠፈ ሽፋን ትዊተር የተጨመረበትን ነው። ሰፊ ክፍልና ብርቱ አምፕሊፋየር ያለው፣ ከፍታውንም በአምራቹ መመሪያ ያረጋገጠ ሰው ኤሌክትሮስታቲኩን ቢወስድ አልፈርድበትም። ለሙከራ ወደ ሱቁ የራስዎን የበገናና የከበሮ ቅጂ ይዘው ይሂዱ፤ በገናው ትዊተሩን፣ ከበሮው ኮኑን ይመሰክርባቸዋል። ቤትዎ ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ባዶ ከሆነ ደግሞ ከመቀመጫዎ ጀርባ ጋቢ ወይም ወፍራም ምንጣፍ ሰቅለው መጀመሪያ ያለዎትን ስፒከር ያድምጡት፤ ድምፁን የሚያንጫጫው ግድግዳው ሆኖ ሊገኝ ይችላል።