ካሜራ ይዞ ወደ መንዝ ጓሳ፦ ማንን ላመስግን፣ ማንን ልውቀስ?

ከመኪናው ልጀምር፤ ያናደደኝ እሱ ስለሆነ። አዲስ አበባ ያከራየኝ ድርጅት "ነዳጁም የሾፌር አበሉም ዋጋው ውስጥ አለ" ብሎኝ ነበር። ስንመለስ ሁለቱንም ለብቻ አስከፈለኝ። ከውጭ የመጣ ሰው ገንዘብ አይቆጥርም ያለው ማነው? እናንተ በጽሑፍ አስፈርሙ። ሾፌሩ ግን ወርቅ ልጅ ነው። ከደብረ ብርሃን ወዲያ አደይ አበባ ባየሁ ቁጥር "እዚህ ጋ ቁም" ስለው አንዴም ፊቱን አላጠቆረም።

ደብረ ብርሃን ያደርንበት ሆቴል ንጹሕ ነው፣ ሙቅ ውሃ አለው። ብርድ ልብስ ጨምሩልኝ ስል ወዲያው አመጡ። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለበት ከተማ ይህን ቢነፍገኝ ነበር የሚገርመኝ።

ሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ ያለው የጓሳ ሣር ምድር መንግሥት የሚያስተዳድረው ብሔራዊ ፓርክ አይደለም። የመንዝ ገበሬ ለዘመናት የጠበቀው ቦታ ነው። ድሮ ቄሮ በሚባለው ሥርዓት ሣሩ ለዓመታት ተዘግቶ ይቆይና ሲከፈት ብቻ ይታጨድ ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያንን ቢያፈርሰውም ማኅበረሰቡ እንደገና ተደራጅቶ እየጠበቀው ነው። መግቢያውን ስትከፍሉ ስካውት፣ ማለትም አብሯችሁ የሚሄድ የአካባቢው ጠባቂ፣ ይመደብላችኋል።

የጉዞው ምርጥ አገልግሎት ይሄ ስካውት ነው። እኔ ቀይ ቀበሮ ባየሁ ቁጥር ካሜራዬን ይዤ እሮጣለሁ። ከ3,200 ሜትር በላይ መሮጥ ደግሞ ትንፋሽ አያስቀርም። የኛ ስካውት፣ ጠና ያሉ አባት፣ "ልጄ፣ ቀበሮ አታሳድጂ። ጭላዳ ዝንጀሮው ካለበት ቁጭ በይ፤ ራሱ ይመጣል" አሉኝ። እውነትም መጣ። ጭላዳዎቹ ሣር እየነጩ፣ እሱ በመሃላቸው ቀስ እያለ አይጥ ያድናል። አይሸሹትም፣ አይነካቸውም። እዚያው ጓሳ ተጠንቶ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጽሑፍ እንደሚለው፣ ቀበሮው ጭላዳ መሃል ሆኖ ሲያድን 67 በመቶ፣ ብቻውን ሲሆን ግን 25 በመቶ ያህል ነው የሚሳካለት። እኚህ አባት ይህን ያወቁት እዚያው ኖረው ነው።

አበባ ለምትወዱ ጅብራውን እንዳታልፉት። ዓመታት ቆይቶ አንዴ ያብባል፣ ከዚያ ይደርቃል። ጭጋግ ውስጥ እንደ ጧፍ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሲታይ ጉድ ነው። አበባ ፈልጋችሁ ከሆነ መስከረም ላይ ሂዱ።

የማኅበረሰቡ ሎጅ ቀላል ነው፤ ቅንጦት አትጠብቁ። ስንቃችንን ይዘን ነው የሄድነው። ብርዱ የካሜራ ባትሪ ስለሚጨርስ ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ አስገቡት፣ ትርፍም ያዙ። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም አጣሩ። ጥሬ ብርም ያዙ፤ ለስካውቱ ጉርሻ ስትሰጡ በእጃቸው ስጡ።